አጋዘን ለመስቀል የትኛው የእንጨት መስቀያ ይሻላል? ሦስት እግር፣ የመቀስ እግር፣ ባለ ሁለት ምሰሶ ወይስ ባለ አንድ ክንድ

ግዳይ ከወደቀ በኋላ ያለው ሥራ ከአደኑ ይብሳል። መሬት ላይ ተንበርክኮ፣ ባትሪ በጥርሱ ነክሶ የአጋዘን ቆዳ የገፈፈ ሰው ይህን ያውቀዋል። ወገብ ይያዛል። ሥጋው ላይ ሣርና አፈር ይለጠፋል። ቢላዋው ጠጠር እየነካ ይዶለዱማል። እንስሳው ከተሰቀለ ግን ቆማችሁ ነው የምትሠሩት። ቆዳው በራሱ ክብደት ወደ ታች ይሳባል፣ የቀረው ደም ይንጠፈጠፋል፣ አየር ዙሪያውን ስለሚያገኘው ሥጋው ቶሎ ይበርዳል።

ታዲያ "ቀላል የእንጨት መስቀያ እንዴት ልሥራ?" ብላችሁ አራት አዳኝ ብትጠይቁ፣ አራት መልስ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። አንዱ ሦስት አጠና አስራችሁ አቁሙ ይላል። ሌላው ጉድጓድ ካልቆፈራችሁ ከንቱ ነው ይላል። ማናቸውም አልዋሹም። የሠሩት መስቀያ በእነሱ መሬት ላይ፣ በእነሱ አሳሳብ፣ ለእነሱ እንስሳ ቆሟል።

እኔ አራቱንም ዓይነት ሠርቼ አይቻለሁ። ሁለቱ ወድቀውብኛል። ሁለቱም የወደቁት እንጨቱ ተሰብሮ አይደለም። ስለዚህ "ስንት ኪሎ ይችላል?" ከሚለው ጥያቄ በፊት ሁለት ሌሎች አስቀድማለሁ፦ እንስሳውን በምን ታነሱታላችሁ? የምታቆሙበት መሬትስ ምን ይመስላል?

## መጀመሪያ መለኪያዎቹ

ክብደት። አጋዘን ሲባል የሚመጣው አንድ ዓይነት እንስሳ አይደለም። ሮ የምትባለው ትንሿ የአውሮፓ አጋዘን 30 ኪሎ እምብዛም አታልፍም። የሰሜን አሜሪካው ባለ ነጭ ጭራ አጋዘን ወንዱ ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 130 ኪሎ ይመዝናል። የቀይ አጋዘን ወንድ ደግሞ 200 ኪሎ ሊገባ ይችላል። ሆድ ዕቃው ሲወጣ ከጠቅላላው ሩብ ያህሉ ይቀንሳል። ሂሳባችሁን ግን በሙሉ ክብደቱ ሥሩ። አንዳንዴ ሆድ ዕቃው የሚወጣው ከተሰቀለ በኋላ ነው።

አሳሳብ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። 100 ኪሎ አጋዘን አስራችሁ ገመዱን አግዳሚው ላይ በተሰቀለ አንድ ፑሊ (ገመድ የሚያልፍበት መንኮራኩር) አሳልፋችሁ ከታች ብትጎትቱ፣ አግዳሚው የሚሸከመው 100 ኪሎ አይደለም። በአንድ በኩል እንስሳው 100 ይስባል። በሌላ በኩል እናንተ እሱን ለማንሳት ሌላ 100 ትስባላችሁ። ድምሩ 200 ነው። የእጅ ዊንች (ገመድ እየጠቀለለ የሚስብ መሣሪያ) ምሰሶው ግርጌ ላይ ብታስሩም ያው ነው፤ ጉልበታችሁ ይቀንሳል እንጂ አግዳሚው ላይ የሚያርፈው አይቀንስም።

መፍትሔው ቀላል ነው። የገመዱን አንድ ጫፍ አግዳሚው ላይ እሰሩ፣ አንድ ፑሊ እንስሳው ጋ አድርጉ፣ ከዚያ ወደ ላይኛው ፑሊ መልሱት። አሁን የምትስቡት 50 ኪሎ ነው፤ አግዳሚው 150 ይሸከማል። እንስሳውን አራት የገመድ መስመር የሚይዘው ከሆነ የምትስቡት ወደ 25፣ አግዳሚው የሚሸከመው ወደ 125 ይወርዳል። ፑሊው ስለሚፋተግ በተግባር ትንሽ ይጨምራል። አግዳሚው ላይ ራሱ ተንጠልጥሎ በሰንሰለት የሚሠራ ማንሻ ካላችሁ ደግሞ፣ የእንስሳው ክብደት ላይ የሚጨመረው ከቁም ነገር አይገባም።

ቁመት። አጋዘን በኋላ እግሮቹ ተሰቅሎ ሲዘረጋ መሬት ላይ ከምትገምቱት በላይ ይረዝማል። የኋላ እግሮቹን ከፍቶ የሚይዘው ዘንግ፣ ፑሊውና ቋጠሮው ደግሞ ግማሽ ሜትር ያህል ይበላሉ። ለመካከለኛ አጋዘን አግዳሚው ከ2.7 እስከ 3 ሜትር ላይ ቢሆን ይመረጣል። 2.2 ሜትር ላይ የሠራ ሰው የአጋዘኑን ራስ ጭቃ ውስጥ ያገኘዋል።

መሬት። ጉድጓድ ይቆፈርበታል ወይስ ዓለት ነው? ዝናብ ሲመታው ይለሰልሳል? ተዳፋት ነው?

ጊዜ። ይኼኛው ከሙቀቱ ጋር ይሄዳል። ሥጋ ለቀናት ተሰቅሎ እንዲለሰልስ የሚተወው አየሩ ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ ሲቆይ ነው። ከዚያ በላይ ከሞቀ መስቀያችሁ የሁለት ሰዓት የሥራ ቦታ ነው፤ ገፍፋችሁ፣ ብልት አውጥታችሁ ወደ ማቀዝቀዣ ነው። ለሁለት ሰዓት ሥራ ሲሚንቶ ማቡካት ምን ይባላል? ለአምስት ቀን የሚሰቀል ከሆነ ግን መስቀያው ነፋስ፣ ዝናብና የሌሊት እንግዶችን መቻል አለበት።

## ሦስት እግር

ሦስት አጠና፣ አንድ ገመድ፣ በቃ። እያንዳንዱ እንጨት ከ3.5 እስከ 4 ሜትር ይርዘም፤ ቀጭኑ ጫፍ ከ8 ሴንቲ ሜትር አይነስ። ሦስቱን መሬት ላይ ጎን ለጎን ታስተኛላችሁ። ከጫፋቸው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወረድ ብላችሁ ገመዱን አንዴ ከላይ አንዴ ከሥር እያሳለፋችሁ ስድስት ሰባት ጊዜ ትጠመጥማላችሁ። በመጨረሻ በእንጨቶቹ መሃል ሁለት ሁለት ዙር ታስገቡና ታንቁታላችሁ። ሲቆምና እግሮቹ ሲከፈቱ ቋጠሮው ራሱን ያጠብቃል። ገመዱ ሲንቋቋ ትሰማላችሁ፤ ጥሩ ምልክት ነው። መሬት ላይ እያለ ጠፍንጋችሁ ካሰራችሁት ግን እግሮቹ አይከፈቱም። ስለዚህ ትንሽ ላላ ይበል።

ትልቁ ጥቅሙ ወጣ ገባ መሬት ግድ አይሰጠውም። አራት እግር ያለው ነገር ተዳፋት ላይ ይወዛወዛል፤ ሦስት እግር ያለው ግን ሁሌም ሦስቱንም ይረግጣል። ዓለት ላይ ይቆማል። ፈርሶ መኪና ላይ ይጫናል።

ጣጣው እግሮቹ ወደ ውጭ መንሸራተታቸው ነው። እያንዳንዱ እግር ከቀጥታው 20 ዲግሪ ያህል ካዘነበለ፣ 100 ኪሎ ሲሰቀል እያንዳንዱ ወደ ውጭ በ12 ኪሎ ያህል ኃይል ይገፋል። "ሰፋ ካለ አይወድቅም" ብላችሁ 45 ዲግሪ ብትከፍቱት ግፊቱ 33 ኪሎ ይሆናል። ረጥቦ በሚያንሸራትት መሬት ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። በእግሮቹ መካከል ሁለት ሜትር ያህል ርቀት ይበቃል። ከዚያ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብላችሁ ሦስቱንም እግር በገመድ ዙሪያውን እሰሯቸው። ይህቺን ገመድ የዘለለ ሰው ሦስት እግር ሠራሁ አይበል።

የእኔ የወደቀው ግን በመንሸራተት አልነበረም። አፈሩ ማታ ደረቅ ነበር፣ ሌሊት ዘነበ። ጠዋት ስነሳ አንዱ እግር ክንድ ያህል ሰምጧል። መስቀያው በጎኑ ተኝቷል። አጋዘኑ ጭቃ ውስጥ ነው፤ አንድ ታፋው ላይ ጥርስ አርፎበታል፣ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። እንጨቱ አንድም ቦታ አልተሰነጠቀም። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ እግር ሥር የሳህን ስፋት ያለው ቁራጭ ጣውላ ሳላስቀምጥ አልሰቅልም።

ሌላው ገመዱን ወደ ጎን አትጎትቱ። መጎተት ያለበት ከመሃሉ ቀጥታ ወደ ታች ወይም አንዱን እግር ተከትሎ ነው። ሁለት ሰው ወደ አንድ ጎን ከሳበው ይገለበጣል።

## የመቀስ እግር

ሁለት መቀስ፣ ማለትም ከላይ ተያይዘው ከታች የተከፈቱ ሁለት ጥንድ እግሮች፣ ቆመው በላያቸው አንድ አግዳሚ የተጋደመበት ነው። አራት እግር፣ አንድ አግዳሚ፣ የእያንዳንዱን መቀስ እግሮች የሚያያይዙ ሁለት አጫጭር እንጨቶች። ብዙ ሰው "መስቀያ" ሲል የሚያስበው ይህን ነው። ለአብዛኛው ሰው እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው።

እግሮቹ 5 በ10 ሴንቲ ሜትር ሆነው 3.3 ሜትር ቢረዝሙ ለመካከለኛ አጋዘን ይበቃሉ። ቁም ነገሩ ያለው አግዳሚው ላይ ነው። 5 በ15 የሆነ ጣውላ ያዙ እንበል። አስተኝታችሁት ወገቡ ላይ ብትቆሙበት ይረግባል። ያንኑ ጣውላ በጠባብ ጎኑ ብታቆሙት ጥንካሬው 3 እጥፍ፣ ላለመርገብ ያለው አቅም ደግሞ 9 እጥፍ ነው። አንድ እንጨት፣ አንድ ክብደት፤ ልዩነቱ አቀማመጡ ብቻ ነው። እንዲያውም በጎኑ የቆመ 5 በ15 ጣውላ አራቱም ጎኑ እኩል ከሆነ 10 በ10 እንጨት ትንሽ ይበልጣል፤ የሚበላው እንጨት ግን በሩብ ያንሳል። ያልተጠረበ ግንድ ከሆነ ከ12 እስከ 13 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ያንኑ ያህል ይሠራል።

አግዳሚውን አታርዝሙት። 2.4 ሜትር ለሁለት ትንንሽ አጋዘን ወይም ለአንድ ትልቅ ይበቃል። ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን መርገቡ 8 እጥፍ ነው። ሁለት ስትሰቅሉ አየር በመሃላቸው እንዲያልፍ ቢያንስ ግማሽ ሜትር አራርቋቸው። የተነካኩበት ጎን ቶሎ ይበላሻል።

ድክመቱ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። መቀሱ ወደሚከፈትበት በኩል ግፉት፣ ንቅንቅ አይልም። አግዳሚውን ተከትላችሁ ከጫፉ ብትገፉት ግን ሁለቱም መቀሶች አብረው ይጋደማሉ። ይህን የሚከለክለው ከእግሩ ወደ አግዳሚው በ45 ዲግሪ የሚሄድ የ60 ሴንቲ ሜትር ድጋፍ ነው፤ በሁለቱም ጫፍ ይሁን። ሁለተኛው የወደቀብኝ መስቀያ ይኸው ነበር። "ለዛሬ ብቻ ነው" ብዬ ድጋፉን ትቼው፣ አንድ ወዳጄ ገመዱን ይዞ ወደ ኋላ ሲሄድ መስቀያው ተከተለው። ደግነቱ እንስሳው ገና ከመሬት አልተነሳም ነበር።

ማያያዣው ሚስማር አይሁን። ሚስማር ወደ ጎን ሲገፋ ይችላል፤ ሲወዛወዝና ወደ ውጭ ሲሳብ ግን ጥቂት በጥቂት ይወጣል። 12 ሚሊ ሜትር ብሎን በሁለቱም በኩል ሮንዴላ ተደርጎበት በዳዶ ይጠበቅ። ሲያልቅ ትፈቱትና ግድግዳ ጥግ ታስደግፉታላችሁ። እርጥብ እንጨት ከተጠቀማችሁ ግን ሲደርቅ ስለሚሸማቀቅ ከወር በኋላ ዳዶዎቹ ይላላሉ። አንዴ ዞራችሁ አጥብቋቸው።

## ባለ ሁለት ምሰሶ

"በ" ፊደልን ታውቃላችሁ፤ ያው ነው። ሁለት ምሰሶ ይቆፈርላቸዋል፣ አግዳሚው ከላይ ይጫናል። በየዓመቱ አንድ ቦታ ለሚያድን፣ ትልቅ እንስሳ ለሚሰቅል፣ ለቀናት ለሚያቆይ ሰው ከዚህ የሚሻል የለም። ምሰሶዎቹ 12 ሴንቲ ሜትር ይወፍሩ። ከርዝመታቸው ሩቡ መሬት ውስጥ ይግባ፤ 4 ሜትር ምሰሶ ከሆነ 1 ሜትር ማለት ነው። ጉድጓዱ ግርጌ ላይ ጠጠር ጨምሩ፣ ውሃ እንዲሰርግ። ቱምቢ ጣሉና ቀጥ ማለቱን እዩ፣ ከዚያ አፈሩን በየስንዝሩ እየደለደላችሁ መልሱ።

አግዳሚውን ምሰሶው ጎን ላይ ቸንክሮ መተው የተለመደ ስህተት ነው። ክብደቱ ሁሉ ሚስማሩ ላይ ይወድቃል። አግዳሚው እንጨት ላይ ይቀመጥ፤ ምሰሶውን ከላይ ቦርቡሩትና ተቀበሉት። ባላ ያለው ግንድ ካገኛችሁማ ከዚያ የሚበልጥ አናጺ የለም። አግዳሚውን ባላው ላይ ጥላችሁ በአንድ ብሎን ወይም በሽቦ መጠፈር ብቻ ነው።

የሚበሰብሰው ሁሌም አንድ ቦታ ነው፦ አፈሩና አየሩ የሚገናኙበት መስመር ላይ። በየዓመቱ እዚያች ጋ ቢላዋ ወጋ አድርጉ፤ ከሰመጠ ምሰሶው አልቋል። እንዳይበሰብስ በኬሚካል የታከመ እንጨት መሬት ውስጥ ቢገባ መልካም ነው፤ ሥጋው የሚነካው ቦታ ላይ ግን አይሁን። ሬንጅ የሚሸት አሮጌ የባቡር ሐዲድ እንጨት ደግሞ ጨርሶ አታስቡት።

## ባለ አንድ ክንድ

አንድ ምሰሶ፣ ከላይ 80 ሴንቲ ሜትር የሚወጣ ክንድ፣ በሥሩ ሰያፍ ድጋፍ። ቦታ አይበላም። ጠንካራ ምሰሶ ቀድሞ የቆመ ከሆነ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እንስሳውን በሦስት በኩል ዞራችሁ ታገኙታላችሁ።

ግን አልወደውም። ሚዛኑ በአንድ ጎን ነው፤ ምሰሶውን ሁሌ ወደ እንስሳው ይጎትተዋል። አፈሩ ከለሰለሰ ቀስ እያለ ማዘንበሉ አይቀርም። ለሮ አጋዘንና ለሌሎች ትንንሾች ይሁን። ከ60 ኪሎ በላይ ከሆነ ሁለተኛ ምሰሶ ጨምሩና ወደ "በ" ቀይሩት።

"ዛፍ እያለ ምን አስጨነቀን?" የሚልም አይጠፋም። ሁለት ጤነኛ ዛፎች በሁለት ሜትር ተኩል ርቀት ካሉ፣ በመሃላቸው አግዳሚ ማሰር ይቻላል። አንድ ቅርንጫፍ ላይ መስቀልን ግን ተዉት። የደረቀ ቅርንጫፍ ከታች ሆነው ሲያዩት አያስታውቅም።

## በአንድ ዓይን ለማየት

| | ሦስት እግር | የመቀስ እግር | ባለ ሁለት ምሰሶ | ባለ አንድ ክንድ |
|---|---|---|---|---|
| የሚፈልገው እንጨት | ትንሽ | መካከለኛ | መካከለኛ፣ ግን ወፍራም | ትንሽ |
| የሚፈጀው ጊዜ | አንድ ሰዓት ገደማ | ግማሽ ቀን | አንድ ቀን | ግማሽ ቀን |
| ዓለት ወይም ተዳፋት ላይ | በጣም ይሆናል | ሜዳ ይፈልጋል | አይሆንም | አይሆንም |
| ፈርሶ ይጓጓዛል? | አዎ | አዎ፣ ብሎን ከሆነ | አይ | አይ |
| በአንዴ ስንት እንስሳ | 1 | 1 ትልቅ ወይም 2 ትንንሽ | 2፣ ምሰሶ ከተጨመረ ከዚያ በላይ | 1 ትንሽ |
| ለቀናት ለማቆየት | በጥንቃቄ | ይሆናል | ከሁሉም ይሻላል | አይመከርም |
| የሚወድቀው | እግሩ ሲሰምጥ ወይም ሲንሸራተት | ከጫፉ ሲገፋ | ግርጌው ሲበሰብስ | ምሰሶው ሲያዘነብል |

## እናንተስ የትኛው ናችሁ?

በዓመት አንዴ፣ ቦታ እየቀያየራችሁ የምታድኑ ከሆነ ሦስት እግር ይበቃችኋል። ገንዘባችሁን እንጨት ላይ ሳይሆን ጥሩ ገመድና ሁለት ፑሊ ላይ አውሉት። ናይለን ገመድ ክብደት ሲያርፍበት ስለሚለጠጥ፣ ጠዋት እንስሳው ዝቅ ብሎ ይገኛል። ፖሊስተር የተሻለ ልኩን ይጠብቃል።

ብቻችሁን የምትሠሩ ከሆነ የመቀስ እግርና በአራት የገመድ መስመር የሚስብ ፑሊ ያዙ። 100 ኪሎ አጋዘን አንድ ሰው ሲያነሳው አይቻለሁ፤ እየቆመ፣ እየተነፈሰ፣ ግን ወገቡን ሳይነካው። ገመዱን የምታስሩበት ጠንካራ ቦታ እግሩ ላይ አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ክብደቱን በአንድ እጅ ይዞ ማሰሪያ መፈለግ የሚያናድድም የሚያሰጋም ነው።

አራት አምስት ሆናችሁ በየዓመቱ አንድ ቦታ የምትገናኙ ከሆነ ጉድጓድ ቆፍሩ። የቀይ አጋዘን ወንድ የምታወርዱ ከሆነም እንዲሁ፤ እዚያ ላይ አግዳሚውን ከ5 በ15 ከፍ አድርጉት፣ ወይም ሁለት ጣውላ ጎን ለጎን አጣብቁና በብሎን እሰሩ።

እጃችሁ ያጠረ ከሆነ ደግሞ በእጃችሁ ባለው ግንድ ባለ ሁለት ምሰሶ መሥራት ይቻላል። ቅርፊቱን ላጡት። ነፍሳት የሚደበቁት ከቅርፊቱ ሥር ነው፣ እንጨቱም ካልተላጠ ቶሎ አይደርቅም። ቅርንጫፍ የወጣበት ትልቅ አንጓ ካለው ያንን ጎን ወደ ላይ አዙሩት። አግዳሚ ሲረግብ የሚወጠረውና መሰንጠቅ የሚጀምረው የታችኛው ጎኑ ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ የኋላ እግሮቹን የሚይዘው ዘንግ የሚገባው በቋንጃው ጅማትና በአጥንቱ መካከል ባለው ስስ ቦታ ነው። ስትበሱ ጅማቱን እንዳትቆርጡት ተጠንቀቁ። ከተቆረጠ ያ እግር የሚይዘው የለውም።

አደን ሳይገባ ደግሞ መስቀያውን ፈትኑት። 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ውሃ 20 ኪሎ ነው። አጋዘናችሁ 100 ኪሎ ከሆነና በአንድ ፑሊ የምትስቡ ከሆነ አሥር ጀሪካን አግዳሚው ላይ እሰሩ፤ ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ ይበሉ፣ ማንም ሥራቸው አይቁም። ከታችኛው ጀሪካን እስከ መሬት ያለውን ለኩና ጻፉት። ውሃ ካላችሁ እግሮቹ ዙሪያ አርከፍክፉ፣ እንደ ዘነበ አስመስሉት። ጠዋት ተመልሳችሁ እንደገና ለኩ። ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ካገኛችሁት እያንዳንዱን እግር ግርጌውን እዩ፤ የሰመጠው የቱ እንደሆነ ጭቃው ላይ ይታያል።